ጤና አዳም ላይ የበቀለ ቀንድ

ጤና አዳም የተከለ ሰው አጥር አለኝ ብሎ አያውራ። ላሚቱ ነጥፋለች ብሎ ወተት መከልከል ይቻላል፤ እጀታው ወልቋል ብሎ መጥረቢያ አለማዋስም ይቻላል፤ ጤና አዳም ግን ደጅ ላይ ቆሞ እየታየ "የለም" አይባልም። ለሆድ ቁርጠት፣ ለአይብ፣ ለቡዳ፣ "እስቲ ዝም ብዬ ላሽትተው" ለሚለውም ይቀጠፋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው ጤና አዳም አልተከለም ነበር። እናንተም ቀጥፋችኋል፤ አትሽኮርመሙ።

እኔ ታዲያ የተከልኩት ለሆድም ለቡዳም አልነበረም። ባለቤቴን አስካለን የሱሉልታ ጭቃ አንሸራትቷት፣ እግሯ ተሰብሮ በጄሶ ታስራ መስኮት ስር ውላ ታመሻለች። እንደሷ ያለች እግረ ፈጣን ስትቀመጥ ቤቱም አብሮ ይቀመጣል። ምን ላምጣልሽ ብላት "ቢራቢሮ አማረኝ" አለች። ሰው ሥጋ ያምረዋል፤ የእኔዋን ቢራቢሮ።

"በእኛ በመናገሻ እንቁላሏን የምትጥለው ጤና አዳም ላይ ነው። እሱን ትከልልኝ፤ ራሷ ትመጣለች።"

ከመስኮቱ ግርጌ እስከ አጥሩ ተከልኩ። መጣችም። ጥላው የሄደችው እንቁላል ግን ተፈልፍሎ የወፍ ኩስ የመሰለ ትል ሆነ፤ ሲያድግ ደግሞ አረንጓዴ። ጎረቤት በአንድ በኩል ይቀጥፋል፣ ትሉ በሌላ በኩል ይግጣል። ቅጠሉ ካለቀ ትሉ ምን በልቶ ቢራቢሮ ይሁን? አትቅጠፉ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ሆዳቸውን ይዘው መጡ። ቅርንጫፉን ሲይዙ ጣታቸው ትሉን ነካው። ይህ ትል ሲነኩት ከግንባሩ ብርቱካንማ ቀንድ ያወጣል፤ ይሸታልም። ኦቦ ቶሎሳ በዚያ ዕድሜያቸው ወደ ኋላ የዘለሉትን ዝላይ የሱሉልታ ሯጮች ቢያዩት ልምምድ ያቆሙ ነበር።

"ያ ዋቃ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ጥጃ ነው ኦቦ፤ ገና አልጠነከረም።"

ቁርጠታቸው እዚያው ለቀቃቸው። አስካለ በመስኮት ጎኗን ይዛ ሳቀች። ወሬው ሚኒባስ መሳፈሪያ ሲደርስ ግን ትሉ በሬ አክሎ፣ ሰውም ወግቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀጣፊ ጠፋ። ጤና አዳሙ ደን ሆነ። እኔም አጥር ለአጥር ተንጎራደድኩ።

የአስካለ ሳቅ ግን ቀስ በቀስ ነጠፈ። ለካ ያ ሁሉ ቀጣፊ ቅጠሉን በእጁ ይዞ፣ መስኮቱን ተደግፎ የመንደሩን ወሬ ያራግፍላት ኖሯል። ቅጠል አተርፍ ብዬ ሰው አስቀረሁባት። ቢራቢሮዋ ወጥታ ጥቁርና ቢጫ ክንፏን መስኮቱ ላይ ስትዘረጋ፣ አስካለ አየቻትና "ታምራለች" አለች። ባዶውን ደጅ አየት አድርጋ ደግሞ፣ "ለማን ላሳያት?"

ጤና አዳሙን እቅፍ ሙሉ ቆርጬ በየደጁ ዞርኩ። ኦቦ ቶሎሳ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ "ያ ከብትህስ?" አሉኝ።

"ክንፍ አውጥቶ በረረ። አስካለ ላሳይዎት ትላለች።"

"አንተ ስትዋሽ እንኳ አይንህን አታሽም" ብለው ዱላቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ሌላውም እሳቸውን አይቶ ተከተለ።

መስኮቱ ስር ሰው ሞላ። አንዱ እያወራ ይቀጥፋል፣ ሌላው እየሳቀ ይቀጥፋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጤና አዳሙ ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ። ቢራቢሮዋ ዞር ዞር አለችና የምታርፍበት ቅጠል ብታጣ አጥሩን ተሻግራ ሄደች።

"አስካለ፣ ሄደችብሽ እኮ" አልኳት።

"ማን?" አለችኝ፣ ፊቷን ከኦቦ ቶሎሳ ሳታዞር።