የጋሽ ተክሌ ፈረንሳይ

ፈረንሳይ ገጠር አንድ ሳምንት ከርሞ የመጣ ሰው ያውቃሉ? ካላወቁ ተመስገን ይበሉ። የኛው ጋሽ ተክሌ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ከሥራቸው ሌይኦፍ ተደረጉና፣ ከነባለቤታቸው እዚያ እህታቸው ዘንድ ደርሰው መጡ። ከዚያ ወዲህ የምንኖርባት የካናዳዋ ካልጋሪ ጠበበቻቸው።

በቀደም፣ እኛም ሌይኦፍ የተደረግን ጎረቤቶቻቸው፣ ከነባለቤታቸው የባንፍን ተራራ ልናሳያቸው ወሰድናቸው። ምሳ ቀረበ።

«ይሄም ተራራ ተብሎ!» አሉ፣ ዶሮ ወጡን እየጠቀለሉ። «ገደል ላይ የተንጠለጠለ ቤተ መንግሥት አለው? ዋሻ አለው? በታንኳ የሚንሸራሸሩበት ወንዝስ?»

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ አላስቻላቸውም። «የቱን ዋሻ አይተህ ነው? እህትህ ‹ሳትበሉማ አትወጡም› እያለች ሰባቱን ቀን ከገበታ መች አስነሳችን? ቤተ መንግሥቱን ያየኸው ፍሪጇ ላይ ከተለጠፈው ፖስትካርድ ነው!»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ጋሽ ተክሌ ግን አንገታቸውን ደፉ። ሥራቸውን ካጡ ወዲህ የቀረቻቸው ወሬ ያቺው ፈረንሳይ ነበረች። አንጀቴን በሉትና «በሞቴ!» ብዬ አጎረስኳቸው። እሳቸውም አጎረሱኝ። ሌላውም ተነሣ፤ ጉርሻው ጠረጴዛውን ሁለቴ ዞረ። እጃችንን ታጥበን ቀና ስንል፣ ተራራው በጉም ተሸፍኗል።

«ግድ የለም፣» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ድስቱን እየከደኑ። «የተራራውም ፎቶ እኛ ቤት ፍሪጅ ላይ አለ።»