እየመከሩ የሚያነቡልን ጋሽ ረጋሳ

ዐይነ ስውር ሆኖ ኮሌጅ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ጋሽ ረጋሳ አያጣም። ስማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጠባያቸው ግን ያው ነው። ፈተና እንዲያነቡልን ይመደባሉ፤ እሳቸው ግን ሊያስተምሩን፣ ሊመክሩን፣ ሲብስም ሊቆጡን ይመጣሉ።

እኔ ዓፊያ እባላለሁ፤ አሶሳ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ሶሲዮሎጂ ተምሬያለሁ። ኮሌጃችን የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ማዕከል አለው። አለው ማለት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ዓብዱልላጢፍ ስለ ማዕከሉ ሲወራ ይሰማል እንጂ ደርሶበት አያውቅም። የብሬይል ማተሚያም አለን፤ አቧራ እንዳይነካው ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሁልጊዜ ሥልጠና ላይ ነው፤ እኛን እንዴት እንደሚደግፍ እየሠለጠነ። ስለዚህ ድጋፍ ማለት በአጭሩ ጋሽ ረጋሳ ናቸው።

ክቡርነታቸው የባምባሲ ሰው፣ ጡረታቸው የደረሰ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ "ይሄንንማ የባምባሲ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል" ይላሉ። የወደዱት ምርጫ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ማር ይሆናል፤ ያልወደዱትን እንደ መራራ መድኃኒት ቶሎ ይውጡታል።

"ሲ" እላለሁ። እስክሪብቶው አይንቀሳቀስም።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ ጋሼ።"

"እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው፣ የኔ ልጅ። ጾሙ ነው መሰለኝ ያደከመሽ።"

"ወላሂ አስቤዋለሁ፤ ይጻፉት ብቻ።"

በረጅሙ ይተነፍሱና መርዶ እንደሰማ ሰው ሆነው ይጽፉታል።

ትክክል ቢሆኑ እኮ ባልከፋ። ማሩ የሚፈሰው ስሕተቱ ላይ ነው። እንደኔው የማታየው ጓደኛዬ ቢሊሴ ያንን ድምፅ ተከትላ ኢኮኖሚክስ ወደቀች። እኔ ማር የነካውን ሁሉ መሰረዝ ጀመርኩና ኤ አመጣሁ። "አላልኩሽም?" አሉኝ፤ ለቢሮው ሰው ሁሉ አወሩ።

ኮሪደር ላይ ካገኙኝማ አለቀልኝ። የት እንደምሄድ መጠየቅ የሚባል ነገር አያውቁም። አንድ ቀን ለምሳ ወደ ምግብ አዳራሽ ስሄድ ክንዴን ይዘው እየጎተቱ ሬጅስትራር በር ላይ አቆሙኝ። "በይ ተራሽን ያዢ" ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ምሳ አለፈኝ።

የመውጫ ፈተና ሲደርስ ግን ቀልዱ ቀረ። ካላለፍኩ ዲግሪ የለም፤ ዲግሪ ከሌለ ደግሞ "የማታይ ልጅ ተምራ የት ልትደርስ" ሲል ለኖረው አጎቴ ሠርግና ምላሽ ነው። ማዕከሉ ሄጄ ሌላ አንባቢ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ሌላ ሰው የለም ተባልኩ።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሳቸው በማውሱ ይመርጡልኛል። ገና ብዙ ጥያቄ ሲቀረን ፈታኙ ቀጄላ "ሰዓት አልቋል፤ ተነሡ" አለ። ለማያይ ተፈታኝ ተጨማሪ ሰዓት እንደሚሰጥ በመመሪያ ተጽፏል።

"ለእኔ የነገረኝ የለም" አለ ቀጄላ።

"ይኸው እኔ ነገርኩህ" አሉ ጋሽ ረጋሳ።

"አባቴ፣ ከበላይ ካልታዘዝኩ አልችልም።"

"ካልቻልክ ቁጭ በልና ስማ።"

ከዚያማ ለቀቁበት። መመሪያውን አስተማሩት። ስለ ሥነ ምግባር መከሩት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁትና እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠሩለት። "አባትህን አውቀዋለሁ። ልጅህ የሰው ልጅ ሰዓት ቀማ ቢሉት ምን ይላል?" ይህን ሁሉ ሲሉ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ማውሱንም አልለቀቁም። ቀጄላ ሲመረው ለአለቃው ደወለ። ስልኩን ተቀበሉትና አለቃውንም መከሩት። ሰዓቱ ተፈቀደልን።

የቀረውን ሲያነቡልኝ ማሩ የለም። አራቱንም ምርጫ እኩል አነበቡልኝ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳልወድቅ ፈርተውልኝ ነበር። የገዛ አባቴ እንኳ እንዲህ ፈርቶልኝ አያውቅም፤ ወደድኳቸው፣ ምን ላድርግ።

አለፍኩ። አሶሳ ገበያ ውስጥ ግን ወሬው "አለፍን" ተብሎ ነው የተሰማው።

ዘንድሮ ኦብሴ የምትባል የማታይ አዲስ ተማሪ ገባች። "አንባቢው ሰውዬ እንዴት ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ይጨቀጭቁሻል፣ ይቆጡሻል፣ ያልጠየቅሽውን ይመክሩሻል አልኳት።

"ታዲያ ሌላ ሰው እንዲሰጡኝ ልጠይቅ?"

"እንዳትሞክሪው" አልኳት፤ "ጠባችን ያኔ ነው።"