የእትዬ ዘይነባ አክተር

ስለ ሕመሙ ሐኪም፣ ስለ መኪናው መካኒክ፣ ስለ ነፍሱ ቄስ ወይም ሼህ ሳያማክር አንድ እርምጃ የማይራመድ ሰው፣ ፊልም ላይ ሲደርስ ግን ማንንም አይጠይቅም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የሲኒማ ቤቱን ደረጃ ወርዶ ሳይጨርስ ፍርዱን ሰጥቶ አብቅቷል። ይግባኝ የለውም። እኔም ከእነዚሁ ዳኞች አንዱ ነኝ። ታደሰ እባላለሁ፤ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ፤ እሁድ መርካቶ በሯን ስትዘጋ ደግሞ ፊልም አያለሁ። ማን ሾመህ ብትሉኝ፣ ትኬቴ።

ከተሾምኩ አይቀር ስለ ሰሞኑ ፊልሞቻችን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣው። ምስሉ ጠርቷል፣ መቼም አልዋሽም። ድሮ ሰውየውን ከጥላው ለመለየት ዓይናችንን እናጨነቁር የነበርን ሰዎች ዛሬ የተዋናይዋን ሽፋሽፍት እያየን ነው። ግን ሁሉም ፊልም አንድ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የሚሠራው? ያ ደረጃው የሚጠማዘዝ ቪላ፣ ያ ነጭ ሶፋ፣ ያ ማንም ዋኝቶበት የማያውቅ የመዋኛ ገንዳ! ባልና ሚስት የተጣሉበት ሶፋ ላይ በሚቀጥለው ፊልም ሌሎች ባልና ሚስት ሲታረቁበት ሳይ፣ "ቤቱን ሸጡት እንዴ?" ብዬ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጠይቄያለሁ። ሴቲቱ ከእንቅልፏ የምትነቃው ተኳኩላ ነው። ሰውየው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የምን እንደሆነ አይነገረንም። ቢሮ ይገባል፣ ኮቱን ይሰቅላል፣ ስልክ ያነሳል፣ "ምን?!" ይላል፣ ኮቱን አውርዶ ይወጣል። የቀኑ ሥራ ይኸው ነው። ስልክ ሲዘጉ ደግሞ ቻው የለ፣ ደህና ዋል የለ፣ ጥርቅም! ምን ዓይነት ቤት ነው ያደጉት?

መርካቶማ የምትታየው ሌባ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። አንዲት ቦርሳ ትነጠቃለች፣ አንድ ሳጥን ቲማቲም ይገለበጣል፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ቪላው እንመለሳለን። ይኼ ሁሉ ሰው ሲሸከም፣ ሲመትር፣ ሲከራከር፣ ሲሳሳቅ የሚውልበት አገር ለአንዲት ሩጫ ብቻ! ያናድደኛል። እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል። መጨረሻቸውስ ቢሆን? ሰውየው መስኮት ላይ ቆሞ ውጭ ውጭውን እያየ መብራት ይበራል። "መጨረሻው ለተመልካች የተተወ ነው" ይሉኛል። መጨረሻውን እኔ የምጨርሰው ከሆነ ለምን ከቤቴ ወጣሁ?

ምናልባት እርጅና ይሆናል። እኛ ፊልም የተማርነው ጭድ ተራ ጀርባ ከነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ሳላዘው ይዞራል። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚው ጉልበት ከጉልበት የሚያጋጭ፣ ወለሉ የኦቾሎኒ ልጣጭ የለበሰ ቤት ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስተርጓሚ ማይክ ይዞ ይቆማል። ሕንድኛውንም እንግሊዝኛውንም ቻይንኛውንም የሚተረጉመው እሱው ነው፤ አንዱንም ግን አይችልም። "ምን አለችው?" ብለን ስንጮህ፣ "ከፈለግከኝ ሽማግሌ ላክ አለችው" ይላል። ባለ ጎራዴው ቻይናዊ ሽማግሌ ይልካል! እኛም አምነን ሽማግሌዎቹ የቱ ጋ እንደደረሱ እንጠብቃለን። ወይ ጊዜ! እንደዚያ ስቄ አላውቅም፣ እንደዚያም አልቅሼ አላውቅም።

እዚያ ቤት አንዲት ቃል ተምረን ወጣን። አክተር። በቃሉ ባለቤቶች፣ በፈረንጆቹ ቋንቋ ፊልም ላይ የሚሠራ ሁሉ፣ ሻይ አቅርቦ የሚወጣው ጭምር፣ አክተር እንደሚባል የሰማሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ አክተር በአንድ ፊልም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ የማይሸነፈው። የቀረው የአክተሩ ጓደኛ ነው፣ የአክተሩ እናት ናት፣ ቦሱ ነው፣ የቦሱ ዘበኞች ናቸው። አርፍዶ የገባ ሰው ቂጡ አግዳሚ ሳይነካ "አክተሩ ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሲነገረው ልቡ ያርፋል፤ አክተር አይሞትማ! በጥይት ቢመታ ትከሻውን ነው። ከገደል ቢወረወር አንዲት ቅርንጫፍ ትጠብቀዋለች። የአክተሩ ጓደኛ ግን "ይቺ ነገር ካለፈች አገባለሁ" ካለ አለቀለት፤ ያን ጊዜ ጥይቱ ሳይተኮስ ከንፈር መምጠጥ እንጀምራለን።

አብሮኝ የሚገባው ሰይድ ነበር፤ የሱቅ ጎረቤቴ፣ የወሎ ሰው፣ አላህ ይማረው። ፊልሙ አልቆ ስንመለስ ሱቅ ውስጥ ነጠላ የሚያጥፉትን ሚስቱን እትዬ ዘይነባን አስቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክላቸዋል። ሰይድን "አንተ"፣ እሳቸውን "እርስዎ" ነበር የምለው፤ ለምን እንደሆነ ብታዩዋቸው ይገባችኋል። ሰይድ ድብደባውንም ዘፈኑንም ራሱ ይሠራዋል፤ ሜትሩ ጎራዴ ይሆናል፣ ጋቢው ፈረስ ይሆናል፣ ደንበኛ መጥቶ ቆሞ ይስቃል። እትዬ ዘይነባ የቪዲዮ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ የወንድ መዋያ ነበር። ግን በሰይድ አፍ ያላዩት ፊልም የለም።

ሰይድ ሲሞት ሱቁ ለልጁ ለጀማል ቀረ። ለጀማል ሱቅ አልሆነለትም። ደንበኛ ነጠላ ስትመርጥ እሱ መስታወቱ ፊት ቆሞ ማልቀስ ይለማመዳል። አንድ ቀን ቁልፉን ለእናቱ አስረክቦ ቴአትር ሊማር ሄደ። እትዬ ዘይነባ ልጁ ሱቁን ሳይሆን አባቱን ጥሎ የሄደ ያህል ነው የተሰማቸው። አልተጣሉም። ጠብማ ደግ ነው፣ ሽማግሌ ይገባበታል። ዝም ነው የተባባሉት። ማታ ሲገባ "በላህ?" ይሉታል፤ "በልቻለሁ" ይላል፤ በቃ፣ የእናትና የልጅ ወግ በዚሁ ተዘግቶ ያድራል። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ ጥለቱን እያዩ ነበር እንጂ እኔን አላዩኝም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ጀማል ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ "እማ፣ ፊልም ሠራሁ። አክተር ሆንኩ" አላቸው።

እትዬ ዘይነባ በእጃቸው የያዙትን ጋቢ አስቀመጡት። "አክተሩ አንተ ነህ?"

"አዎ እማ፣ አክተር ነኝ።"

ሰማችሁልኝ? እሳቸው "አክተሩ" አሉ፣ እሱ "አክተር" አለ። ልጁ የተማረበት ቤትና እኛ የተማርንበት ቤት ተላልፈው ሄዱ። ከእኔ በቀር ልብ ያለ የለም። ላስረዳ ብዬ አፌን ከፈትኩና የሴትየዋን ፊት አየሁት። ሰይድ ከሞተ ወዲህ እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እናንተስ ብትሆኑ?

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! የሰይድ ልጅ አክተሩ መሆኑን ሸማ ተራ ሰማ፣ ራጉኤል ጋ ያሉት ሰሙ፣ ለበዓል ነጠላ ሊገዛ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሰማ። ይህ ልጅ አክተሩ ሆኖ ካልተገኘ እናትየው በዚህ ገበያ መሀል አንገታቸውን እንደሚደፉ፣ የጀማልም ነገር ዳግም እንደማይቃና ይታየኝ ነበር። ፖስተሩ ሲለጠፍ ሄጄ አየሁት። ከፊት ሁለት ቆንጆዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይስቃሉ። ጀማልን ስፈልግ ስፈልግ ከጥግ አገኘሁት፤ አውራ ጣት የምታክል ጭንቅላት ሆኗል። "ፎቶው ትንሽ አላነሰም፣ እትዬ?" ብል፣ "ዓይን እንዳይገባው ነዋ!" ብለውኝ አረፉት።

እሁድ ከሰዓት ሸማ ተራ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሲኒማ ቤት ገባ። እትዬ ዘይነባ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ከጎኔ ተቀምጠው የወንበሩን መደገፊያ ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "ሰይድ አግዳሚ ነው ይለኝ ነበር" አሉ።

ፊልሙ ጀመረ። ቪላው መጣ። ሶፋው መጣ። ከዚያ ያ የፖስተሩ ቆንጆ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጀማል ከኋላው ተከትሎ ገባ፤ ጓደኛው ነው! የእኛ ረድፍ በጭብጨባ ተናጋ። "ከስቷል" አሉ እትዬ ዘይነባ። እኔ ግን ጨነቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ጀማል ቆንጆውን ትከሻውን ይዞ፣ "ይቺ ነገር ካለፈች እናቴ ጋ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለው።

የዚህ ዓይነት ንግግር ወዴት እንደሚወስድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እትዬ ዘይነባ ግን ክንዴን ጨበጡኝ። "ሰማኸው?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሰማሁ" አልኳቸው። ይህን ንግግር ደራሲው ጽፎ የሰጠው መሆኑን እሳቸው የት ያውቃሉ? ልጃቸው ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ ያልወጣለትን ቃል በአደባባይ ተናገረላቸው፤ እሳቸው የሰሙት ይህንን ነው። እንባቸው ይወርድ ነበር።

ከዚያ ጥይቱ ተተኮሰ።

"ትከሻውን ነው አይደል?" አሉኝ።

ደረቱን ነበር። "ትከሻውን ነው" አልኳቸው።

ጀማል በቆንጆው እቅፍ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ሞተ። ዓይኑን የከደነበት ሁኔታ እንኳን እናቱን እኔንም አስደነገጠኝ። "ይነሳል" አሉ እትዬ ዘይነባ። "ይነሳል" አልኩ። ፊልሙ ቀጠለ፤ ቆንጆው ተበቀለ፣ ልጅቷን አገባ፣ ገንዳው ዳር ተቃቅፈው ቆሙ። በር በተከፈተ ቁጥር እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። አንድ አስተናጋጅ ገባ፣ አንድ ፖሊስ ገባ፣ ጀማል አልገባም። መብራት በራ። የሸማ ተራ ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል።

"አክተሩ ያኛው ነው ለካ" አሉ እትዬ ዘይነባ።

ነጠላቸውን አቀበልኳቸው።

ጀማል ከደረጃው ሥር ቆሞ እየጠበቀን ነበር። "እማ፣ እንዴት ነበር?" አለ። እሳቸው የጃኬቱን ዚፕ ከፈቱ፣ እጃቸውን አስገብተው ደረቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን መዳሰስ ጀመሩ፤ ልክ ከሸማኔ ነጠላ ስንረከብ የተበጠሰ ክር እንደምንፈልገው። "እማ፣ ሰው እያየን ነው" አለ ጀማል። "ይይ!" አሉት። ዳስሰው ዳስሰው ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ "ለምን ሞትክ?" አሉት።

"ሥራ እኮ ነው እማ።"

"ሥራ ከሆነ በተራ ነዋ! በሚቀጥለው ያኛው ይሙት!"

እኛ በሳቅ ፈረስን። እሳቸው አልሳቁም፤ የልጃቸው ትከሻ ላይ ተደፍተው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ልጅን ሬሳ ሆኖ ካዩት በኋላ በምን ልብ ይኮረፋል? ያ ሁሉ ዝምታ እዚያው ደረጃ ላይ ቀረ። እንባቸውን ጠርገው "በላህ?" ሲሉት፣ ጀማል "አልበላሁም" አለ፤ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። አክተሩ ማን እንደነበር ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ይኸውላችሁ፣ በቅርቡ ደግሞ የጀማል ሁለተኛ ፊልም ወጣ። ፖስተሩን የሞላው የእሱ ፊት ብቻ ነው። አሁን አክተሩ እሱ ነው፤ በእኛም በእነሱም ቋንቋ። እትዬ ዘይነባ ደስታቸውን መቻል አቅቷቸው ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ደንግጠዋልና፣ "ታደሰ፣ መቼም አክተር አይሞትም፤ ብቻ አንተ ቀድመህ እይልኝ" አሉኝ። እሁድ ሄጄ አየሁት። ይህን ያህል ዘመን ፊልም ስዳኝ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ልጁ መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ አሟሟቱ አንጀት ይበላል። አጠገቤ የነበረው የማላውቀው ሰውዬ እጄን ይዞ ነው ያለቀሰው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘይነባ የሱቃቸውን መዝጊያ ሳይከፍቱ እኔ ደጃፍ ጠበቁኝ። "እህ?"

"ተዉት እትዬ፣ ደካማ ፊልም ነው" አልኳቸው። "ጀማል ደህና ነው፣ ፊልሙ ግን ደካማ ነው።"

"ደህና ከሆነ ምን ቸገረኝ!" ብለው ገቡ። የእኔ ፍርድ እስከ ምሳ ሰዓት ሸማ ተራን አዳረሰ። ከሰዓት ጀማል መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። "ጋሽ ታደሰ፣ ፊልሜ ደካማ ነው ብለዋል አሉኝ" አለ። ጎትቼ ከጋቢው ክምር ጀርባ አስገባሁትና ጆሮው ላይ፣ "ልጄ፣ እንዴት አድርገህ ነው የሞትከው! እንደ አንተ የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም" አልኩት። የጎረቤት ልጅን እንዲህ ብሎ ማመስገን ነውር ነው፤ እሱ ግን እንባው ግጥም አለ። አባቱ ቢኖር ኖሮ ጋቢውን አንስቶ አሟሟቱን ይሠራልን ነበር።

"ምንድን ነው የምታንሾካሹኩት?" አሉ እትዬ ዘይነባ ከወዲያኛው ሱቅ አንገታቸውን አስግገው።

"ስለ ፊልሙ ነው፣ እትዬ።"

"ኤዲያ! ለደካማ ፊልም ደግሞ እንዲህ ያለቅሳሉ እንዴ?"