ጸበል የነካው ሚኒባስ

ጎበዝ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማጋነን ጀመረ» ትላላችሁ። በሰው ሐዘን መሐል ተዋርጄ ነው የመጣሁት!

ለማታውቁኝ፦ ሱቄ ላሊበላ ነው። ከመስቀሉና ከሻርፑ ጎን፣ እውነተኛ መኪና አይቼ በቆርቆሮ አሳንሼ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ታርጋውን፣ የጎኑን መስመር፣ የኋላ መስታወቱን ጥቅስ ራሴ ስቲከር ላይ ፕሪንት አድርጌ እለጥፋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እትዬ ዝናሽ መጡ። ልጃቸው ሲሳይ በፍላቂት መንገድ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አምና መኪናው ገደል ገብቶ ሞተ።

የቀረቻቸው ስልክ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ናት። ሲሳይ መኪናውን ተደግፎ ይስቃል። ከኋላ መስታወቱ ላይ «ቀስ በል! እኔም እናት አለችኝ» ይላል።

«መኪናውን ሠርተህ ለሙት ዓመቱ አድርስልኝ። ልክ እንደነበረው አድርገህ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሐሳብ አይግባዎት! ይሄ ስቲከር ዕድሜ ልክ አይለቅም!»

የነጋዴ አፍ!

ስቲከር ከታተመ በኋላ ቫርኒሽ ይቀባል። ቫርኒሹ አድሮ ካልደረቀ ቀለሙ ውሃ አይችልም። ትናንት ደግሞ የቅዳሜ ገበያ ነበር፣ ቸኮልኩ። «ቤት ለሚቀመጥ መኪና ምን ዝናብ ያገኘዋል?» ብዬ ሳልቀባ ለጠፍኩት። ባማረ ፎንት!

ዝናብ አላገኘውም።

ጸበል አገኘው!

ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው፣ የእትዬ ዝናሽ ቤት በሰው ሞልቷል። መኪናው ጠረጴዛ ላይ ነው። «የማን እጅ ነው?» ሲባል «የኔ! ዕድሜ ልክ አይለቅም!» እላለሁ፣ አንገቴ ረዝሞ። የንስሐ አባታቸው ጸሎቱን ጨርሰው ቤቱንም ሰዉንም ጸበል ረጩ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄማ መንገደኛ ነው፣ ይጨመርለት!» ብለው በጣሳው የቀረውን ሁሉ ደፉበት።

መጀመሪያ የሄደችው «እናት» የምትለዋ ናት። ጥቁር ሆና በኋላ በሩ ላይ ወረደች። ሌላውም ተከተላት። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ጠቆረ።

እትዬ ዝናሽ አንዴ «ልጄን!» ሲሉ ያ ሁሉ ሰው ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሳው።

ጎረቤታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዕድሜ ልኩ ይህችው ናት?» አለኝ።

ጋቢዬ ውስጥ ገባሁ።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ዝናሽ እግር ላይ ወደቅሁ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቫርኒሽ አልቀባሁትም። ነገ አዲስ አትሜ አመጣለሁ።»

ክንዴን ይዘው ሳቡኝ።

«ተነስ አንተ። የሱም ይለቅ ነበር» አሉ። «በየክረምቱ ዝናቡ ያጥበዋል። መስከረም ሲጠባ ብሩሽ ይዞ ደጅ ተቀምጦ ይጽፈዋል። ቀለሙን እኔ ነበርኩ የምይዝለት።»

አልቅሼ አላውቅም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ።

«ማሽንህን ተወውና ብሩሽ ይዘህ ና» አሉኝ። «እዚሁ ትጽፈዋለህ። ቀለሙን እይዝልሃለሁ።»

ወገን፣ የኔን የእጅ ጽሑፍ ታውቁታላችሁ! ደንበኛ ደረሰኝ ወስዶ «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ሲመለስ እኔም ማንበብ ያቃተኝ ሰው ነኝ። ከቀትር ጀምሮ ካርቶን ላይ «እናት» «እናት» እያልኩ እለማመዳለሁ። አንዷም እናት አልመሰለችም።

ፊደሉስ ቢያንስ ይለመዳል። እሳቸው ቀለሙን ይዘው አጠገቤ ሲቀመጡ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ምን ላድርግ? የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።