ለአሻንጉሊት የተባለ «ኖር»

ልጃችን በቴሌቪዥን ትታነጻለች የሚሉ ወላጆች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ገጥመውኛል፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ባለፈው እሁድ ጦር ኃይሎች ወርጄ ሙዝ ገዛሁና ዘነበወርቅ ያለችውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። የአምስት ዓመት ልጇ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣለች። ገና ደፉን ስረግጥ ብድግ ብላ፣ «ኖር» አለች፤ ለታላቅ እንደሚገባው። አንጀቴን አራሰችው።

«በእግዜር፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ» አልኳት።

ለካ የተነሳችው ለእኔ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነጭ ጢም ያለው አሻንጉሊት በር ከፍቶ ሲገባ ነው።

«ጋሼ፣ አይረብሿት» አለችኝ እናትየዋ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «የዛሬው ትምህርት ታላላቆችን ስለማክበር ነው።»

ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ለመከበር ቴሌቪዥን ውስጥ መግባት አለብኝ? ለአሻንጉሊቱ ወንበር ተስቦለት ሲቀመጥ እኔ ሙዜን ይዤ ቆሜያለሁ። ፕሮግራሙን አልወቅስም፤ እሱ የሚችለውን አስተምሯል። ቤት ውስጥ ግን ማን ተነስቶ አሳያት?

ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ በሩ ዞርኩ። ፕሮግራሙም እያለቀ ነበርና አሻንጉሊቱ ከወንበሩ ተነሳ፤ እጁን እያውለበለበ፣ «ደህና ይዋሉ» አለ።

ከዚያ ቤት ተነስቶ የሸኘኝ እሱ ብቻ ነው።