የወይዘሮ ቨርና የምራቅ ብልቃጥ

የሰው ዘር መቁጠር የጀመረ ሰው በጤና አይመለስም። ዓሣ አጥማጅ ይሰለቸዋል፣ ፖለቲከኛ ይሸነፋል፤ ዘር ቆጣሪ ግን ሙታን ስለማያልቁ ሥራ አይፈታም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ኦሃዮ ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም። ለእኛ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ቨርና ሁፍናገል ናቸው። ፊት ለፊት አንቺ ነው የምላቸው፤ ለጽሑፍ ግን ክብር አይነፈጋቸውም።

ወይዘሮ ቨርና በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ከተማችን ከገቡ አርባ አንድ ዓመት ብቻ ስለሆናቸው ገና እንደ አዲስ ሰው ነው የምናያቸው። ከቁርስ በፊት የጋዜጣውን የሙት ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ ይገኛሉ፤ የሐዘንተኛውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ የሟች እናት ከማግባቷ በፊት የቤተሰብ ስሟ ማን እንደነበር ይጠይቃሉ። "ቀብር ጥሩ ነው፤ ዘመድ ሁሉ አንድ ቦታ ይገኛል" ይላሉ፣ ሳንድዊቻቸውን እየገመጡ።

ቦርሳቸው ውስጥ ለዘር ምርመራ ምራቅ የሚቀበሉባቸው ብልቃጦች አሉ። ፖስተኛው ተፍቷል። የጥርስ ሐኪሙ ተፍቷል። ባለፈው የምስጋና ቀን በተጋበዙበት ቤት ገና የተጠበሰው የተርኪ ዶሮ ሳይቆረጥ አሥራ አንድ ሰው አስተፍተዋል። ለሚያንገራግር ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ምራቅ አይዋሽም።"

የዚህ ሁሉ ሰበብ አንድ ሰው ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ በረዶው ሲቀልጥ፣ ከከተማው ውጭ ባለው የባቡር ድልድይ ሥር የአንድ ወጣት አጽም ተገኘ። ኪሱ ውስጥ አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ከመቃብር ቦታችን ጥግ ቀበርነው፤ ድንጋዩ ላይ "ማንነቱ ያልታወቀ" ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይከነክነኝ ነበር። ለሞተ ሰው የሚለቀሰው ስሙን እየጠሩ ነው፤ ስም የሌለውን ማን ብለው ያለቅሱለታል?

ከአራት ዓመት በፊት የአካባቢያችን ፖሊስ አለቃ የሸሪፉ ቢሮ ከአጥንቱ ዲኤንኤ አስወጥቶ፣ ሰዎች በፈቃዳቸው ካስመዘገቡት ጋር አመሳከረ። ጥቂት የሩቅ ዘመዶች ተገኙ። ከእነሱ ተነስቶ ቅድመ አያቶች ድረስ የሚወጣ፣ ከዚያ ተመልሶ ሟቹ ድረስ የሚወርድ የዘር ሐረግ በነጻ የሚሠራ ሰው ሲፈለግ፣ ወይዘሮ ቨርና ሳይጠሩ ደረሱ። ሸሪፉ በቀን ሦስት ጊዜ ስልካቸውን እያነሳ እስከ ዛሬ ይጸጸታል።

እኔ ሁለት ዓመት አንገራገርኩ። ሠላሳ ዓመት ፍልስፍና ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ማለት ምርጫው እንጂ ደሙ እንዳልሆነ በራቸው ላይ ቆሜ አርባ ደቂቃ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱና ብልቃጡን ዘረጉልኝ። ተፋሁ።

ውጤቱን የነገሩኝ በመስከረም፣ ሁሉም ከቤቱ ምግብ ይዞ በሚመጣበት የቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ነው። የድንችና የአይብ ሳህናቸውን እንደያዙ ከፊቴ ቆሙ።

"ላይል፣ የድልድዩ ሰው ወንድምህ ነው። አባትህ ከሌላ ሴት የወለደው። የምትጋሩት የዲኤንኤ ቁጥር ልክ በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ቁጥር ነው።"

አባቴ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። ኬኩ ሳይቀርብ ከተማው ሁሉ ሰማ። ፓስተራችን ቡናው ውስጥ ነገር የወደቀበት ይመስል አጎንብሶ ቀረ። ከወይዘሮ ቨርና ጋር ሰላምታ አቆምኩ። የሚያሳፍረኝ ግን ማኩረፌ አይደለም፤ ነገሩን ማመኔ ነው። አባቴ ለከብት ገበያ ወጥቶ ያደረበትን ቀን ሁሉ እየመዘዝኩ መመርመር ጀመርኩ። ዕድሜ ልኬን የኮራሁበትን ሰው በአንድ ጉንጭ ምራቅ ጠረጠርኩት፤ እሱ ደግሞ ተነስቶ ሊከራከረኝ አይችልም።

በየካቲት አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ወይዘሮ ቨርና ናቸው፣ ከቢጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው።

"የእናትህን ዘመዶች ከሟቹ ጋር ምን አገናኛቸው?" አሉኝ፣ ደህና አደርክ ሳይሉ። "የሌላ ሴት ልጅ ከሆነ ከእናትህ ወገን አንድም ሰው ሊመሳሰለው አይገባም። ሦስት አገኘሁ።"

"የአባቴ ወንድም ያገባው የእናቴን እህት ነዋ" አልኳቸው በሩን ልዘጋ እያልኩ። "ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እህትማማቾችን፣ በአንድ ቀን።"

በሩን በእጃቸው ያዙት። "የሁለቱ ጥንዶች ልጆችማ በደም ሲለኩ በአባት ብቻ እንደሚገናኙ ወንድማማቾች ናቸው። ምነው ሳትነግረኝ?"

"መች ጠየቅሽኝ? እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።"

"እኔ አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው። "ለእኔ ማን ነግሮኝ።" ከዚያም አጎቴ ወንድ ልጅ ነበረው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አንድ ነበረው። ሜርል። ከአባቱ ተጣልቶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአገሩ ምዕራብ ዳር ኦሪገን የሄደ፣ ከዚያ አንድ ፖስት ካርድ ልኮ የጠፋ። እኛ እዚያ ሀብታም አድርገን ስናማው ኖርን። እህቱ ሄስተር፣ ለእናቱ ቀብር እንኳ አልመጣም ብላ፣ ስሙን ሳታነሳ አረጀች።

ሄስተር ተፋች። የድልድዩ ሰው ያንድ አባት ያንድ እናት ወንድሟ ሆኖ ተገኘ። አረጋውያን መኖሪያው ሄደን ስንነግራት፣ ድልድዩ ወዴት እንደሚያሻግር ጠየቀች። ታውቀዋለች፤ ከሰው አፍ መስማት ፈልጋ ነው።

"ወደ እናንተ እርሻ" አሏት ወይዘሮ ቨርና። "ሁለት ማይል ነበር የቀረው።"

በሚቀጥለው እሑድ ክብርት ወይዘሮ ቨርና ያንኑ ሳህን ይዘው በምሳው መሐል ቆሙና፣ የላይል አባት ከማንም ሴት ጋር እንዳልማገጠ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፤ ሐሜቱን የረሱትም በዚያው አስታወሱ። ይቅርታ የሚሉት እንዲህ ነው።

በግንቦት ሙሉ ስም ያለበት ድንጋይ ቆመ። ለቤተሰቡ አንድ ረድፍ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ወይዘሮ ቨርና ራቅ ብለው ከመኪናቸው ጋር ቆመዋል፤ ማስታወሻ ደብተራቸውን አልያዙም። ሄስተር ያቺ ሴትዮ ምን ትገተራለች፣ ጥራት አለችኝ። ሄድኩ።

"አይሆንም" አሉኝ። "ከእናንተ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም። አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ሄጄ አጣርቻለሁ።"

"ማጣራትሽማ መች ይጠፋኛል" አልኳቸው ክንዳቸውን ይዤ። "ነይ ተቀመጪ።"

ሄስተር ሳትዞር ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አነሳችላቸው።