ምን ተቀደደ?

እኛ የቆላ ሰዎች ያመመን እንደሆነ ምክንያቱ ብርድ ነው። ራስ ከፈለጠ ብርድ፣ ወገብ ከያዘ ብርድ፣ ሆድ ከጮኸ ብርድ። መተማ ላይ ብርድ ከየት መጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ዶሮ ከጥላ ወጥታ መጫር በምትፈራበት፣ የቆርቆሮ በር በጨርቅ ይዘን በምንከፍትበት አገር፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ብርዱ ፈልጎ ያገኘናል። ሐኪም እንጠላለን ማለቴ አይደለም። የምንሄደው ግን ምርመራችንን እዚሁ ጨርሰን፣ መድኃኒቱን እንዲጽፍልን ብቻ ነው።

ጎረቤቴ አያ ደምሴ እዚሁ መተማ፣ ኮኪት ላይ የታወቁ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። አምና ሰሊጣቸው ከመጋዘን ወጥቶ መኪና ላይ ሲጫን፣ ቆመው ሠራተኞቹን ሲቆጡ ቆዩና ድንገት ጀርባቸውን ይዘው «ተቀደደ፣ ኧረ ተቀደደብኝ» አሉ። እስቲ ፍረዱ፤ በሰሊጥ ጭነት መሃል ይህ ቃል ምን ማለት ነው? የነበርነው ሁሉ ወደ ጆንያዎቹ ሮጥን። ታናሽ ወንድማቸው ፈንታሁን መኪናው ላይ ወጥቶ እያገላበጠ ዳበሰ። አንዱ ወስፌ ይዞ መጣ። ጆንያዎቹ ደህና ናቸው። ተመስገን ብለን ዘወር ስንል አያ ደምሴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው በላብ ርሷል።

«አያ፣ ሁሉንም አየነው፤ የተቀደደ የለም» አለ ፈንታሁን ሊያጽናናቸው።

«የተቀደድሁስ እኔ ነኝ፤ ከትከሻየ እስከ ወገቤ።»

ጉባኤው ላቡን አየና ፈረደ፤ ብርድ ነው። አንዱ ዝንጅብል ይቀቀልላቸው አለ፤ አንዱ ከሱዳን የመጣ ቅባት አውጥቶ ጀርባቸውን ማሸት ጀመረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታውን በስሙ ጠርቶ ለጮኸ ሰው ግን ተረት አልተበጀለትም። ከንፈራቸው ሲገረጣ ፈራሁ፤ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። መኪናዬ ላይ ጭኜ ወደ ሆስፒታል ከነፍኩ። ፈንታሁን «ሰሊጡን እኔ ልጠብቅ» ብሎ ቀረ።

ወጣቱ ሐኪም የደም ግፊታቸውን በቀኝ ክንድ ለካ፣ በግራ ለካ፤ ሁለቱ አልገጥም አሉት። ፊቱ ተለዋወጠ። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አዎርታ የሚሉት፣ ውስጡ ሳይቀደድ እንዳልቀረ ነገረኝ። ወደ ልብ በኩል ከሆነ ቶሎ ቀዶ ጥገና ያሻዋል፤ ወደ ታች ከሆነ መድኃኒት ሊበቃው ይችላል። የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ጀምሮላቸው በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላከን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን እኔ ለሳቸው አዎርታ እሳቀቃለሁ፤ እሳቸው ፈንታሁን መጋዘኑን መቆለፉን ይጠይቁኛል።

ጎንደር ላይ በክንዳቸው ምስሉን የሚያጎላ ቀለም ተወግተው ወደ ክቡ ማሽን ሊገቡ ሲሉ ባለሙያዋ «አባቴ፣ ሲባሉ ትንፋሽዎን ይያዙ» አለቻቸው።

«ከኮኪት ጀምሮ ይዠዋለሁ፣ ልጄ» አሉ።

የጎንደሩ ሐኪም ምስሉን አሳየን። የቧንቧው ግድግዳ እንደ ድርብ ጆንያ ነው፤ የውስጡ ተቀዶ ደሙ በሁለቱ መሃል ገብቷል። ደግነቱ ለልብ የቀረበው በኩል ተርፏል፤ የተቀደደው ወደ ታች የሚወርደው ነው። ቢላዋ ቀርቶላቸው በመድኃኒት ይሞከራል።

«ተቀደደ ነው የሚለው ማሽኑ?» አሉ አያ ደምሴ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እኔ ምን አልኋችሁ ታዲያ?»

እሳቸው መጀመሪያ ሲጮሁ ያልነገሩን የት ጋ እንደሆነ ብቻ ነበር፤ እኛም አልጠየቅናቸውም፤ ጆንያ ስንቆጥር ነበርና።

ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው ሐኪሙ ጨው ከለከላቸው፣ ሸክም ከለከላቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን ንዴት ከለከላቸው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ፈንታሁን ነው።

«ምርመራው ምን ተገኘበት?»

«ተቀዷል» አልኩት።

በሰለለ ድምፅ «የትኛው ጆንያ?» አለኝ።

«ማን ነው?» አሉ አያ ደምሴ ከአልጋቸው።

ሐኪሙን አየሁት፤ የግፊት መለኪያውን አየሁት።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ አያ» አልኳቸው።